ቀስ፣ ሕፃን አለ

እትዬ ጦይባ ማረፏን የሰማሁት የልጅ ልጄ አንድ ዓመት የሞላት ዕለት ነው። ልጄ አዳራሽ ተከራይታ ነበር። ዛሬ አሰላ ውስጥ ለአንድ ዓመት ሕፃን አዳራሽ ይከራዩለታል። ከጣሪያው ፊኛ ተንጠልጥሏል፤ የበር ቁመት ያለው ድምፅ ማጉያ ቆሟል፤ ማይክ የያዘ ጎረምሳ ሰውን ያስጨፍራል። ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ኋላ አንድ ፊኛ ሲፈነዳ እሪ አለች። ያን ጊዜ ተነሣሁና፣

“ቀስ በሉ! ሕፃን አለ!” ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረምሳው በማይኩ፣ “እማማ፣ ልደቱ እኮ የሕፃን ነው፤ ሕፃን ቢኖር ምን ይገርማል?” አለኝ። ልጄ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን አላፈርኩም። ልጅቷን ከእናቷ እጅ ተቀብዬ ወጣሁና ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊቷን ሲነካት ዝም አለች። ስልኬ የጠራው ያን ጊዜ ነው። ሰናይት ነበረች።

“እማማ ዘነቡ” አለችኝ፤ ድምፅዋ ሰለል ብሏል። “እማ ጦይባ አረፈች። ዛሬ ጠዋት።”

ከአፌ የወጣው ያ ቃል የእኔ እንዳልነበረ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። “ቀስ፣ ሕፃን አለ” የእትዬ ጦይባ ቃል ነበር።

እትዬ ጦይባ ከስልጤ አገር ገና በልጅነቷ ተድራ አሰላ የመጣች ናት። ባሏ ቶሎ ሞተባት። ልጅ አልወለደችም። የእሱን ትንሽ ሱቅ ይዛ ቀረች። ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ በእኛ ሰፈር የሚያስፈልገው ሁሉ ከእሷ ነበር። ከገጠር ከሚመጡት ጋር ኦሮምኛውን እንደ ውኃ ታወርደዋለች፤ ከእኛ ጋር አማርኛዋ ስልጥኛ ይሸታል። ረጅም ነበረች። የራስ ሻሿን ጫፍ በጥርሷ ከያዘች አንድ ነገር እያሰበች ነውና ማንም አያናግራትም።

ስትመዝን አንድ ልማድ ነበራት። ስኳሩን ከሚዛኑ ላይ ታደርግና እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞራለች። ሚዛኑ እስኪቆም አታየውም። “ለምን አታዪም?” ስላት፣ “አንቺ እያየሽልኝ አይደል? ገዢው አይቶ ይበቃል ካለ በቅቷል” አለችኝ። እኔ በሕይወቴ አራተኛ ክፍልን አላለፍኩም፤ ግን የሚዛን ነገር ያንገበግበኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳቦ ሲቆረስ የትኛው ቁራሽ ትልቅ እንደሆነ ሳላይ ጎርሼ አላውቅም። ስለዚህ ወደድኳት።

ከሱቋ ደጃፍ ሁልጊዜ ሰው ይጣላል። በተራ ይጣላሉ፣ በድንበር ይጣላሉ፣ ሰክረው ይጣላሉ። እሷ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ድምፅዋን ሳታነሣ፣ “ቀስ፣ ሕፃን አለ” ትላለች። ሕፃን ግን በአካባቢው የለም። ሰዎቹ ጠባቸውን ትተው ዞር ዞር ይሉና፣ “የታለ?” ይሏታል። “አለ፤ የሆነ ቦታ አለ” ትላቸዋለች። ከዚያ ይስቃሉ። ጠቡም ይበርዳል።

ይህ እንግዲህ መሳቅ በተቻለበት ጊዜ ነው። ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ደርግ በነገሠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ሰው ከቤቱ እየተወሰደ የማይመለስበት ዘመን ማለቴ ነው።

ከእኛ ጋር አንድ ግቢ የሚኖር ግርማ የሚባል መምህር ነበር። ሚስቱ አልማዝ ገና ልጅ እግር ናት። ያቺ የደወለችልኝ ሰናይት ልጃቸው ናት፤ ያን ጊዜ ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች። ግርማን አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ወሰዱት። በማግስቱ ወደ ጢቾ በሚያወጣው መንገድ ዳር አስከሬኑን ያየ ሰው መጥቶ በጆሮዬ ነገረኝ። እኔና አልማዝ ስንደርስ ሬሳው አልነበረም። ያነሣው ማን እንደሆነ፣ የት እንደቀበሩት እስከ ዛሬ አናውቅም። ከሬሳውም የከፋው ትእዛዙ ነበር። ከቀበሌ መጥተው፣ “ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም። ድንኳን አይጣልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ለማጽናናት ተብሎ አይኬድም” አሉ።

እንግዲህ ስሙኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር እናት ሞተው ነበር። አሮጊት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ በደላቸው የለም። ያን ቀን በድምፅ ማጉያ ተጠራን። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ያልመጣ ሰው ስሙ ተጠየቀ። እኔ ራሴ ደረቴን መታሁ፤ ግርማም መጥቶ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ታዲያ ላንዱ በግድ ተለቅሶ ላንዱ በግድ ዝም የሚባልበት ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ይህንኑ ልጠይቅ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ ነጠላዬን የሚጎትት እጅ ነበር። እትዬ ጦይባ ናት። ጎትታ አስቀመጠችኝ።

“ልቀቂኝ!” አልኳት።

“ቀስ፣ ሕፃን አለ” አለችኝ በጆሮዬ። “አንቺ ቆመሽ ፍትሕ ስትጠይቂ፣ አንቺን ይወስዱሽና አልማዝን የሚያይ ይጠፋል። ቁጭ ብለን እንጠይቃለን።”

አልማዝ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት እንባ ከዓይኗ አልወጣችም። ሰው ሲጠራት ቆይታ ነው የምትሰማው። እሳት ለኩሳ ረስታው ትወጣለች። ከሁሉ የባሰው ግን ጡቷ ደረቀ። ሰናይት ጡቱን ይዛ ስባ ስባ ምንም ስታጣ በትንሽ እጇ የእናቷን ደረት ትመታለች። የላም ወተት በጡጦ ሞከርን፤ ትተፋዋለች። ጉንጯ ገባ፤ ዓይኗ ትልቅ ሆነ። በየማለዳው ከግድግዳው ማዶ ለቅሶዋን ስሰማ፣ ዛሬም አለች እላለሁ።

አንድ ቀን ሱቅ ሄጄ ይህን ለእትዬ ጦይባ ነገርኳት። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። 

“ያልፈሰሰ እንባ ወተት ያደርቃል” አለች በመጨረሻ። “ልጅቷ መቼ ነው ዓመት የሚሞላት?”

“መጪው ቅዳሜ።”

“እንግዲያው ልደት እናደርግላታለን።”

“አብደሻል? አባቷ ገና...”

“ቀስ። ሰው የሚሰበሰብበት ሌላ ስም ካለሽ ንገሪኝ።”

አልነበረኝም። ከዚያ እዚያው፣ የላምባ በርሜሉ ላይ ተደግፋ፣ ያን ልደት እንዴት እንደምናደርገው አንድ በአንድ ነገረችኝ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን የምሯን ነው።

“ልጅቷ ከምሳ በኋላ ተኝታ ስትነሣ እንጀምራለን። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ድግስ ያፈርሳል። የምታውቃቸው ሴቶች ብቻ ናቸው የሚጠሩት፤ በዚያን ቀን አዲስ ፊት አታይም። ካልፈለገች ማንም ከእናቷ እጅ አይቀበላትም። እልልታ የለም፤ ያስደነግጣታል። ዳቦና ሻይ ብቻ፤ ማንም ሽር ጉድ ሲል አይደክምም። ስትነጫነጭ ያልቃል፤ ሰዓት እላፊም ሳይደርስ ሁሉም ቤቱ ይገባል።”

“እትዬ፣ እውነትም ልደት ልታደርጊ ነው እንዴ?” አልኳት ተናድጄ። “እኔ ለለቅሶው ሽፋን መስሎኝ!”

በጣም ተቆጣች። የተቆጣችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“ሽፋን? ልጅቷ ምን በደለች? ዓመት የሚሞላው አንዴ ነው። የልጅቷ ድርሻ ልደት ነው፤ የእናቷ ድርሻ ለቅሶ ነው። አንዷ የሌላዋን አትውሰድባት። ፍትሕ እወዳለሁ ትያለሽ አይደል? እንግዲህ ፍትሕ ይሄ ነው።”

 “ለቅሶውስ በምን?” አልኳት።  በአገጯ ወደ ሱቁ ጥግ አመለከተችኝ። ከአርቦዬ ቆላ የመጣ ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ተደግፎ ቆሟል።

ፈቃድ ልንጠይቅ ቀበሌ የሄድነው ሁለታችን ነን። ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ሦስት ሰው ቤት ውስጥ ቢቀመጥ አድማ ነው። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሻይ ይጠጣል።

“ምን ፈለጋችሁ?”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ የአንድ ሕፃን ልደት ልናከብር ነው” አለች እትዬ ጦይባ።

“የማን ሕፃን?”

“የአልማዝ።”

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። “ልደት ማክበር የቡርዧ ልማድ ነው” አለ።

“እንዴት ጓድ?” አለች እትዬ ጦይባ። “በየዓመቱ መስከረም ሁለት ለአብዮቱ ልደት ችቦ ይዘን እንወጣ የለም እንዴ? ለአብዮቱ ልደት ይገባዋል፤ በአብዮቱ ዘመን ለተወለደች ልጅ አይገባትም?”

ከጎኑ የተቀመጠው ጸሐፊ በሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩ እየቀለደችበት እንደሆነ ሊያውቅ ፊቷን መረመረ። ፊቷ ጨው ስትመዝን እንደሚሆነው ነበር፤ ምንም የለበትም።

“ጥቁር የለበሰች እንዳላይ” አለ። “አንዲት ሴት ወይኔ ስትል ብሰማ ሁላችሁንም ነው የማስገባችሁ።”

“ሕፃን ባለበት ወይኔ አይባልም፣ ጓድ። ልጅ ያስደነግጣል።”

“ከሴቶች ማኅበር አንዲት ጓድ ትገኛለች። የምታየውን ትነግረኛለች።”

ስንወጣ የሚከተለን እንዳለ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። እሷ ግን፣ “ለአንድ ሰው ሻይ ይጨመራል ማለት ነው” አለችኝ።

ቅዳሜ መጣ። የአልማዝ ቤት አንዲት ክፍል ናት። እኔ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ነበር፤ የአርሲ ስንዴ ነውና አላሳፈረኝም። የመጡት የግቢያችንና የደጃፋችን ሴቶች ናቸው። ሁሉም የደመቀ ሻሽ አስረዋል፤ አንዳቸውም ግን ዓይናቸውን ወደ አልማዝ ማንሣት አልቻሉም። ከሴቶች ማኅበር የተላከችው አስካለ የምትባል ከሲታ ሴት ናት። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ስንሰጣት ተቀበለች፤ አልጠጣችም።

ሰናይት እንቅልፏን ጠግባ ተነሣች። እትዬ ጦይባ ከሱቋ ያመጣችውን አንዲት ነጭ ሻማ ከዳቦው አጠገብ ለኮሰች። አንዷ ሴት፣ “ማን እፍ ይበልላት?” ብትል፣ “ማንም” አለች። “ራሱ እስኪያልቅ ይንደድ።” ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ለግርማ አንዲት ሻማ እንኳ አልበራችለትም ነበር።

ዳቦው ተቆረሰ። ሰናይት ፍርፋሪውን ሻይ እያስነካን ስናጎርሳት በላች። ለሳምንታት ስትተፋ የነበረች ልጅ ያን ቀን ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። ዳዴ እያለች ዞረችን። የእትዬ ጦይባን ጉልበት ይዛ ቆመችና ሳቀች። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልጮኸም፤ አንስቶ ያወዛወዛትም የለም። ልደቷ ያ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ልደት አይቻለሁ፤ ሕፃን ያልተሰቃየበት ግን እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ እትዬ ጦይባ ጆንያውን ጎትታ ሽንኩርቱን ሰሌን ላይ ዘረገፈችው። ቢላ ለሁላችንም አደለች።

“ይህ ምንድነው?” አለች አስካለ ከበሩ። “ለዳቦና ሻይ ይህ ሁሉ ሽንኩርት?”

“ቆላው ዘንድሮ አምርቷል፤ ሳይበላሽ በጋራ ልጠን ከትፈን እንካፈላለን ብለን ነው። ሕብረት ሥራ ነው፣ ጓድ።”

“በልደት ቀን ሥራ?”

“ተዘልሎ መቀመጥ የቡርዧ ነው ብላችሁን የለ?”

 እኛ መክተፍ ጀመርን። ሽንኩርቱ እሳት ነበር። ወዲያው የሁላችንም ዓይን መፍሰስ ያዘ። መጀመሪያ የሽንኩርት እንባ ነበር፤ ኋላ የራሳችን ሆነ። የልደቱ ልብሳችን እስኪረጥብ ያለ ድምፅ አለቀስን። አልማዝ ግን ትከትፋለች እንጂ ዓይኗ ደረቅ ነው። ሽንኩርቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ምንም ሳትል፣ ደርቃ። ቀና ብዬ እትዬ ጦይባን አየኋት። ሻሿን በጥርሷ ይዛለች። ይህ ሁሉ ለከንቱ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ሻሿን ለቀቀችና ሕፃኗን ከመሬት አንስታ ከፊቷ አስቀመጠቻት።

“ሰናይት ግርማ” አለቻት፤ መምህር ስም ሲጠራ እንደሚለው፣ ቀስ ብላ። “ሰናይት ግርማ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ።”

የአልማዝ ቢላ ቆመ። እሱን ከወሰዱት ወዲህ በዚያ ቤት ግርማ የሚለውን ስም ጮክ ብሎ የጠራ አልነበረም። የሞተውን መጥራት ክልክል ነው። የልጅቷን ስም ከነአባቷ መጥራት ግን ማን ሊከለክል ይችላል?

ገባኝ። “ሰናይት ግርማ፣ እደጊልን” አልኩ። ቀጥሎ ከጎኔ ያለችው ሴት፣ “ሰናይት ግርማ፣ ዕድሜ ይስጥሽ” አለች። ቀጥሎ ሌላዋ፣ “ሰናይት ግርማ፣ ፊደል ቆጣሪ ያድርግሽ።” ዙሪያውን በተራ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። ሙሾ አልነበረም። ምርቃት ነበር። ልጅቷ ስሟ በተጠራ ቁጥር ወደ ጠራት ሰው እየዞረች ትስቃለች።

“ለምን ከነአባቷ ትጠሯታላችሁ?” አለች አስካለ።

“ዓመት ሞላት እኮ” አለች እትዬ ጦይባ። “ቀበሌስ ሰውን በሙሉ ስሙ አይደል የሚጠራው?”

አልማዝ ያን ጊዜ ነው የፈነዳችው። ጩኸት አልነበረም። ከሆዷ የሚወጣ፣ በር ሲጎተት እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበር። እትዬ ጦይባ ከአጠገቧ ሄዳ በኦሮምኛ፣ “ኮቱ፣ ኮቱ” አለቻት፤ ነይ ነይ ማለቷ ነው። ከደረቷ ላይ አስተኛቻት። አልማዝ በሽንኩርት እጇ ፊቷን ይዛ ሻማው አልቆ ራሱ እስኪጠፋ አለቀሰች። ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። አስካለ ንጹሕ ነፋስ የሚገባበት ቦታ፣ ከሽንኩርቱ ርቃ ተቀምጣለች። ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል።

“ሽንኩርታችሁ ዓይኔን አቃጠለኝ” አለች ሳልጠይቃት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። የእሷ ሟች ማን እንደሆነ አላወቅኩም።

በሁለተኛው ቀን አልማዝ ጡቷ አጋተ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ትንሽ ነበር። ሰናይትን ለማቆየት ግን በቃ።

ደስታችን ሳምንት አልቆየም። በገበያ ቀን ነበር። አልማዝ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ሰናይትን እትዬ ጦይባ ዘንድ ትታታለች። ልጅቷ ከመደርደሪያው ኋላ የጨው ጆንያ ላይ ተኝታለች። እኔ ሳሙና እየገዛሁ ነው። የታጠቁ ሰዎች በጫማቸው በሩን መትተው ገቡ። አንዱ ሚዛኑን አንስቶ መሬት ላይ ጣለው።

“ጦይባ ማለት አንቺ ነሽ? ውጪ!”

“ቀስ፣ ሕፃን አለ” አለች።

እንደ ድሮ ሰዎች፣ የታለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ግን ያ ሚዛን የጣለው ሰው ከመደርደሪያው አሻግሮ አየ። ሕፃን ነበረች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ እውነት ሆኖ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ “በይ ውጪ፤ በቀስታ” አላት። እሷም ልጅቷን ሳትቀሰቅስ አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። “ስትነሣ ዳቦ በሻይ” አለችኝ። ከዚያ ወሰዷት። ሱቁን በሰም አሸጉት።

ማን እንደተናገረ አላውቅም። አስካለን ጠረጠርኩ፤ የግቢያችንን ሴቶችም ጠረጠርኩ። ክረምቱን ሙሉ በጭቃና በበረዶ ስንቅ አመላለስኩ። የክርስቲያን ሥጋ አትበላምና ሽሮና ዳቦ፣ ከጎኑም አንድ ራስ ሽንኩርት አደርግላት ነበር። ሳህኑ ሲመለስልኝ እዚያው በሩ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ስንቁ ሳይነካ ከተመለሰ ሰውዬው የለም ማለት ነው። የእሷ ሳህን ግን ሁልጊዜ ባዶ ነበር፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ ብቻ በንጽሕና ተጣጥፎ ጥግ ላይ ይቀመጥበታል።

ገብሱ ሲያሸት ተለቀቀች። የወንድ ጫማ አድርጋ፣ በግድግዳ ተደግፋ መጣች። ውስጥ እግሯን እንዴት እንደገረፉት ስትታጠብ አየሁት፤ አልናገረውም። “ምን ሆነሽ ነው የወንድ ጫማ?” ያሏትን ሰዎች፣ “እስር ቤት ተመችቶኝ እግሬ ወፈረ” አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ጠባብ ጫማ አላደረገችም፤ ተራራማውን መንገድ ሳትቆም ወጥታውም አታውቅም።

“ማን ነው የተናገረብሽ?” ብዬ ያዝኳት። “ጠይቀውሽ ነበር፤ ስም ሰምተሻል። ንገሪኝ!”

“ብታውቂ ምን ልታደርጊ?”

“አላውቅም! ግን ማወቅ አለብኝ። ፍትሕ አይደለም!”

“ልጅ አላት” አለችኝ። “ልጇ ዓመት ሲሞላው ልደት ልትከለክይው ነው?” ሌላ አልነገረችኝም። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አልማዝ ብዙ ዓመት ኖራ ነው ያረፈችው፤ መቃብሩ ላይ ያላለቀሰችለትን ባሏን ግን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ሰናይት ፊደል ቆጠረች፤ እሷም መምህር ሆነች። በየዓመቱ ልደቷ ሲደርስ እትዬ ጦይባ በዚያ እግሯ እያነከሰች ድፎ ዳቦና አንድ ራስ ሽንኩርት ይዛላት ትመጣ ነበር።

ሰናይት ከደወለችልኝ በኋላ የእትዬ ጦይባ ለቅሶ ቤት ስደርስ ከሱቁ ፊት ድንኳን ተጥሏል። ማንም ፈቃድ አልጠየቀም። ገና ከደጃፉ እጄን ከራሴ ላይ አድርጌ፣ “ወይኔ እትዬ!” ብዬ ጮኽኩ። ሱቁን የወረሰው የወንድሟ ልጅ ሙኒር ወደ እኔ መጣ።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለኝ። “በእኛ ሃይማኖት ለሞተ ሰው ጮኾ ማልቀስ አይፈቀድም። እሷም አደራ ብላናለች።”

ደሜ ፈላ። አንዴ በሽጉጥ ለቅሶ ተከልክያለሁ፤ ደግሜ አልከለከልም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ይህ የሽጉጥ ትእዛዝ አይደለም፤ የእሷ ፈቃድ ነው። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። እጄን አወረድኩ።

“ማድ ቤታችሁ የት ነው?” አልኩት።

ከኋላ በኩል ሴቶች ለእንግዳው ምግብ ያሰናዳሉ። አንድ ሰፌድ ሽንኩርት ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ሰናይት ዓይኗ አብጦ መጣችና አጠገቤ በርከክ አለች። ጸጉሯ ሸብቷል። ሽንኩርቱን አይታ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

“እኔ እኮ ለልጆቼም ልደት ሁልጊዜ ከኬኩ አጠገብ ሽንኩርት አስቀምጣለሁ” አለችኝ። “ልጆቹ ይስቁብኛል። የስልጤ ወግ ነው እላቸዋለሁ። እናቴን ስጠይቃት አትነግረኝም ነበር። እማ ጦይባንም ስጠይቃት ከዳቦ ጋር ይሄዳል ነበር የምትለኝ።”

ቢላ ሰጠኋት። እየከተፍን ነገርኳት። ጆንያውን፣ ሻማውን፣ አባቷ በእሷ ስም ውስጥ እንዴት እንደተለቀሰለት፣ የጨው ጆንያውን። ስጨርስ ቢላው ከእጇ ወደቀ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፅዋም ከሆዷ ሽቅብ እየመጣ ነበር፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሴቶቹ ዞረው አዩን። ጉልበቷን በእጄ ያዝኩት።

“ቀስ” አልኳት። “ሕፃን አለ።”

በእንባዋ መሃል ግራ ቀኙን አየች። ከእኛ ከአሮጊቶቹ በቀር ማንም አልነበረም።

“የታለ?” አለችኝ።

ሌላ ራስ ሽንኩርት ሰጠኋት።